«ተገናኝቷል» ያልኩበት ዓርብ

ባለፈው ወር የሱቄን ቁልፍ ለአዲሱ ተከራይ አስረከብኩ። ዓይኔ ትንንሽ ብሎን ማየት እምቢ ካለኝ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን ያቆየኝ ግትርነቴ ነው። ተከራዩ የሞባይል መሸፈኛና ቻርጀር የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። መደርደሪያውን በሜትር እየለካ፣

«ፋዘር፣ እርስዎ እዚህ ምን ነበር የሚሠሩት?» አለኝ።

«ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰው ቤት እየሄድኩም ኢንተርኔት አስገባ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«መግባቱን አረጋግጬ እወጣለሁ።»

ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄም ሥራ ሆኖ! ይገባል ወይ አይገባም፣ አለቀ!»

ቁልፉን ሰጥቼው ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለ። ሥራ ነበራ! ሰው ቤት ያለ ኮምፒውተር ከውጭው ዓለም ጋር ተገናኝቷል ወይስ አልተገናኘም የሚለውን በመለየት ስንት ዓመት እንጀራ በልቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ በዚሁ ጉዳይ የሰው ልጅ በድያለሁ። ሁለቱንም ልጻፈው ብዬ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ሬዲዮና ቴፕ በሚጠገንበት ጠባብ ቤት ነው። መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ስለነበር ሁሉም ሰው ዜና ይፈልጋል፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ሥራ አያጣም። የመጀመሪያው አለቃዬ የተበላሸ ሬዲዮ ሲመጣለት አስቀድሞ በጥፊ ይለዋል። አንዳንዱ በጥፊው ይሠራ ነበር። ሰውየውን ያበላሸውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱን ሳያውቅ ሬዲዮው ስለተናገረለት ብቻ «ተሠርቷል» ብሎ ይመልሳል። ባለቤቱ ሳምንት ሳይሞላው እየተራገመ ይመጣል። እኔ ሽቦ መበየድ የተማርኩት ከእርሱ ነው። ሳያውቁ «ተሠርቷል» ማለትንም ከእርሱ ሳልማር አልቀረሁም።

ከዚያ አብነት ሰፈር፣ እትዬ አልማዝ ዘንድ ተቀጠርኩ። እትዬ አልማዝ ከዱባይ የሚመጡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ይሸጡ ነበር። «የእኛ ኮምፒውተር ኢንተርኔቱ ቤት ድረስ ገብቶለት ነው» እያሉ ለደንበኛ ቃል ይገባሉ፤ ቃሉን የምፈጽመው እኔ ነኝ። ደሞዙ ከሬዲዮ ቤቱ ይሻላል፣ ወሩ ሳያልቅ ማለቁ ግን ያው ነው። ከእያንዳንዱ ቤት «ሥራው ተጠናቋል» የሚል ቅጽ አስፈርሜ መመለስ አለብኝ። ሳላስፈርም የመጣሁ ቀን የእትዬ አልማዝን ምላስ የሚችል ጀርባ የለኝም።

ጋሼ ደምሴን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ሠላሳ ዓመት የስልክ እንጨት ላይ ሲወጡ ሲወርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ የመስመር ሠራተኛ ናቸው። እትዬ አልማዝ የስልክ ሽቦ የሚገባው ሰው ያስፈልገናል ብለው ከሱቁ ጥግ ወንበር ሰጧቸው። ኮምፒውተር በየት በኩል እንደሚበራ እንኳ አያውቁም፤ ሊያውቁም አልፈለጉም። የቤቱ መስመር ሲያስቸግረኝ ግን ይዣቸው እሄዳለሁ። በካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ሁለት መቆንጠጫ ያለው አሮጌ የስልክ እጀታ አይጠፋም። ግድግዳው ላይ ያለችውን የሽቦ መገናኛ ሳጥን በካቻቢቴ ይከፍታሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያደርጉና በግራ ጆሯቸው ያዳምጣሉ። ያን ጊዜ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ሬዲዮ ይዘጋል፤ ወጥ የምታማስል ሴት እንኳ ማማሰያዋን ታስቀምጣለች። ጥቂት ቆይተው «ውሃ ገብቶታል» ወይም «የተላጠ ሽቦ እየተነካካ ነው» ይላሉ። ሲሳሳቱ አላየሁም።

አንድ ልማዳቸው ግን ያስቀኝ ነበር። በሥራቸው ዘመን እንጨት ላይ ወጥተው መስመር ሲፈትሹ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ባልደረባቸው «ሰምቼሃለሁ» ማለቱ አይበቃቸውም ነበር። «ቁርስ ምን በላህ?» ብለው ይጠይቁታል። ሰውየው «ፉል» ወይም «ገንፎ» ካላላቸው ከእንጨቱ አይወርዱም።

«ለምን?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሽቦ ውሸታም ነው» አሉኝ። «የራስህን ድምፅ መልሶ ያሰማሃል፤ የሌላውን መስመር ወሬ ያቀብልሃል። ሰምቼሃለሁ ቢለኝ ማን እንዳለው በምን አውቃለሁ? ቁርሱን ግን እኔ አላውቅም። የማላውቀውን ከነገረኝ እውነትም እርሱ ጋ ደርሻለሁ።»

ባልደረቦቻቸው «ደምሴ ቁርሱ» ይሏቸው ነበር አሉ። እኔም ስቄ አለፍኩት።

ያን ጊዜ፣ ማለትም ሚሊኒየሙ ሊገባ ሦስት አራት ዓመት ሲቀረው፣ የቤት ኢንተርኔት የሚመጣው በስልክ ሽቦ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ እንደ ሰው ስልክ ይደውላል። ሞደም የምንለው ዕቃ የስልኩን ድምፅ ይሰማል፣ ቁጥሩን ይመታል፣ ከወዲያ ሌላ ሞደም ያነሳና ሁለቱ ይጯጯሃሉ። ሰው ጆሮውን ይዞ የሚሸሸው ያ ጩኸት ለእኔ ግማሹን ሥራ ይሠራልኛል። ቀጭኑ ድምፅ ቶሎ ወፍሮ እንደ ዝናብ ሹ ካለ መስመሩ ንጹሕ ነው። እየተቆረጠ እንደገና ከጀመረ የላላ ሽቦ አለ። ጩኸቱ ሲያበቃ በስክሪኑ ታችኛው ጥግ፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ ሁለት ትንንሽ የኮምፒውተር ሥዕሎች ብቅ ይላሉ፤ አንድ ነገር ሲያልፍ ሰማያዊ ብልጭ ይላሉ። ሥዕሎቹ ስለታዩ ብቻ ግን አይታመኑም። ሁለቱ ሞደሞች ሰላም ተባብለው ከዚያ ወዲያ ምንም የማያልፍበት ቀን ሞልቷል። ስለዚህ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ሩቅ አገር ላለ አንድ ኮምፒውተር «አለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ እልካለሁ። አራት ጊዜ ተጠይቆ አራት ጊዜ ከመለሰ ደህና ነው፤ ሁለቱ ከጠፋ መስመሩ ታሟል።

ይህን ሁሉ ለባለቤቶቹ ማስረዳት ያታክታል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። ስለዚህ አንድ ቀላል ምልክት እሰጣቸው ነበር፤ «ገጽ ከተከፈተ ተገናኝቷል፣ ካልተከፈተ አልተገናኘም።» አፌን ሞልቼ በስንቱ ቤት እንደተናገርኩት አላውቅም።

ሐጂ ከድር መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሱቁ ምድር ቤት ነው፤ መኖሪያቸው በእንጨት ደረጃ የሚወጣበት ከሱቁ በላይ ያለው ፎቅ። የስልክ መስመራቸው አንድ ነው፤ አንዱ ቀፎ ታች ሱቁ ውስጥ፣ ሌላው ላይ ሳሎኑ ውስጥ። ኮምፒውተሩን የገዙት ለልጃቸው ለሰሚራ ነው። ሰሚራ የሃያ አራት ዓመት ነርስ ናት። በምትሠራበት ክሊኒክ አንዲት ወላድ እጇ ላይ ከሞተችባት ወዲህ አዋላጅነትን ከሥሩ ልማር ብላ ተነስታለች። ሕንድ አገር ያለ አንድ ኮሌጅ ተቀብሏት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ በኢሜይል «እመጣለሁ» ብላ እንድታረጋግጥ ጽፎላታል። እስከዚያ የምትጽፈው ከኢንተርኔት ካፌ ነበር። ሐጂ ግን «ልጄ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ከሰው ጋር እየተጋፋች አትጽፍም» ብለው እትዬ አልማዝ ዘንድ መጡ። ሰላም ለሚላቸው ሁሉ «ሰሚራ ሕንድ ልትማር ነው» ይሉ ነበር፤ ለእኔም ሁለት ጊዜ ነግረውኛል።

የሄድኩት ዓርብ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ሐጂና የሱቁ ሰዎች ለጁምዓ ወጥተዋል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ መደዳው ሁሉ ጭር ብሏል። ጋሼ ደምሴን አልወሰድኳቸውም። ሞደሙ በአንዴ ገባ። ጥቁሩ መስኮት አራት ከአራት መለሰ። የኮሌጁ ገጽ ተከፈተ። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያማረ መስመር አይቼ አላውቅም ነበር። ለምን እንዳማረ ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

ሰሚራ አጠገቤ ተቀምጣ የምናገረውን ሁሉ በደብተር ትጽፋለች።

«ጋሼ፣ አባዬ ስልኩን ብዙ እንዳልይዝበት አስጠንቅቆኛል። የክፍለ ሀገር ደንበኞች ይደውላሉ።»

«እሱ ቀላል ነው» አልኳት። «የምታነቢውን ገጽ አንዴ ክፈቺውና መስመሩን ዝጊ። ኮምፒውተሩ ያየውን ገጽ በሆዱ ያስቀምጣል። በኋላ ያለ መስመር ብትጠሪውም ያሳይሻል።»

ጻፈች።

«መገናኘቴን በምን አውቃለሁ?»

«የኮሌጁ ገጽ ከተከፈተልሽ ተገናኝተሻል ማለት ነው።»

ይህንንም ከሥሩ ጻፈች። ሁለቱ ምክሮቼ እርስ በርስ እንደሚጣሉ አልታየኝም። ሥራው በሰላም ማለቁ ደስ ብሎኝ «ተገናኝቷል፤ አይዞሽ» አልኳት፤ ቅጹን አስፈርሜ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ሰሚራ ደብዳቤዋን ጽፋ ጨረሰችና ሞደሙን አስደወለች። ጮኸ፣ ገባ። ታች ግን ሱቁ በገበያተኛ ተሞልቷል፤ አንዱ ሠራተኛ ደንበኛ ጋ ሊደውል ቀፎውን አነሳ። በአንድ መስመር ላይ ሌላ ቀፎ ሲነሳ ሞደም አይችልም፣ ይቆረጣል። ተቆረጠ። ሰሚራ ይህን በምን ታውቃለች? ደብተሯን አየች፣ ያልኳትን አደረገች፣ የኮሌጁን ገጽ ጠራች። ኮምፒውተሩ ዓርብ በሆዱ ያስቀመጠውን ገጽ አውጥቶ አሳያት። ተገናኝቻለሁ ብላ «ላክ» የሚለውን ተጫነች። ደብዳቤው ከፊቷ ጠፋ። የኢሜይሉ ፕሮግራም መስመር ሲያጣ ደብዳቤውን ለሚወጡ ደብዳቤዎች በተሰጠው ቦታ አስቀምጦ ዝም ይላል። እሷ ግን ደረጃውን በሩጫ ወርዳ «አባዬ፣ ላክሁ!» አለች። ሐጂ ያን ቀን በሱቁ ውስጥ ለነበረ ሁሉ፣ ለተሸካሚዎቹም ጭምር፣ ለስላሳ ጋበዙ።

ኮሌጁ ማረጋገጫሽ ሲደርሰን ወረቀትሽን በፖስታ እንልካለን ብሏት ስለነበር ሰሚራ ፖስታ ስትጠብቅ ቆየች። የአባቷን ስልክ ላለመያዝ ብላም መስመሩን አልነካችውም። የወሩ መጨረሻ አለፈ፣ ሌላም አሥር ቀን አለፈ። በመጨረሻ ወደ ሱቅ ደውላ ጠራችኝ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ኢሜይሉን ስመለከት ደብዳቤው እዚያው ቁጭ ብሏል። የተጻፈበት ቀን ያ ሰኞ ነው። ሳስበው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ዓርቡ፣ ጭር ያለው መደዳ፣ ያ ያማረ መስመር፣ የደብተሩ ሁለት መስመሮች። ሞደሙን ሳስገባው ደብዳቤው ዓይኔ እያየ ወጥቶ ሄደ። ሰሚራ ከኋላዬ ቆማለች።

«ምን ሆኖ ነው ጋሼ?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «መስመሩ ነው» አልኳት። በዚያ ዘመን «መስመሩ ነው» የማይሸፍነው ጥፋት አልነበረም። ማንም አይከራከርህም፤ እንዲያውም ያዝንልሃል።

በሁለተኛው ቀን የኮሌጁ መልስ መጣ። ደብዳቤዋ ከቀነ ገደቡ በኋላ ስለተላከ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል ይላል። ሐጂ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ጎረቤታቸው አስነበቡት። ጎረቤትየው ኮሌጁ ደብዳቤሽ ደረሰን ያለበትን ቀን አይቶ «ይቺ እኮ የላከችው ከትናንት በስቲያ ነው» አላቸው። ሐጂ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ልጃቸው ረስታው ወይ ፈርታው ሳትልክ ቀርታ፣ ልኬያለሁ ብላ በሰው ፊት እንዳስጨፈረቻቸው ቆጠሩት።

ይህን የሰማሁት ከሰሚራ ነው። ደብተሯን ይዛ አብነት ድረስ መጣች። እላዬ ላይ ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ገጹን ገልጣ ጠረጴዛዬ ላይ አደረገችው።

«የቱጋ ነው የተሳሳትኩት ጋሼ? እርስዎ ያሉኝን ሁሉ ሳነበው ነው የሰነበትኩት። የዘለልኩት ነገር ካለ ያሳዩኝ።»

በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈው የእኔ ቃል ነው። አንድም አልዘለለችም።

«አልተሳሳትሽም። መስመሩ ነው» አልኩ፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

«እንግዲያው ይህንኑ ለአባዬ ይንገሩልኝ። እኔን አያምነኝም። ላክሁ ብዬ ወላሂ ብልም አያናግረኝም።»

እነግራቸዋለሁ አልኳት። ሳልሄድ ሳምንት አለፈኝ። በዚያ ሳምንት ሦስት ቤት ኢንተርኔት አስገብቻለሁ፤ «ገጽ ከተከፈተ» ሳልል ቅጹን ብቻ አስፈርሜ ወጥቻለሁ።

በመጨረሻ ለጋሼ ደምሴ ተናገርኩ። ከሱቁ ጀርባ ምሳ እየበላን ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝና እጃቸውን ከምግቡ ሰበሰቡ።

«ልጅቷ ውሸታም ተብላ አንተ ምሳ ትበላለህ?»

«እትዬ አልማዝ ከሰሙ ያባርሩኛል ጋሼ። ስሜ ይጠፋል። መርካቶ ውስጥ ማን ቤቱ ያስገባኛል?»

«አሁን የማን ስም ነው የጠፋው?»

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ተሳስተሃል፤ ሰው ይሳሳታል» አሉ ባርኔጣቸውን እያነሱ። «እኔም አንድ ጊዜ የአንዱን ሐኪም ቤት መስመር ከልብስ ሰፊ ጋ አገናኝቼዋለሁ። በማግስቱ ሄጄ እኔ ነኝ አልኩ። አንተ ግን ጥፋትህን መስመሩ ላይ እየለጠፍክ ነው። ተነስ። አብሬህም አልሄድም፤ ብቻህን ያልከውን ብቻህን አንሳው።»

በዚያው ሄድኩ። ከአብነት እስከ ሐጂ ሱቅ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን አጥሮብኝ አያውቅም። ሐጂ የታሰረ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠው ከሁለት የጅማ ነጋዴዎች ጋር ይነጋገራሉ። ሰዎቹ እስኪሄዱ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩ እንደማልናገር ስላወቅኩ እዚያው ጀመርኩ።

«ሐጂ፣ ሰሚራ አልዋሸችም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሁሉንም ተናገርኩ። ዓርብ ጭር ባለ ሰዓት መፈተሼን፣ ታች ስልክ ሲነሳ ላይ እንደሚቆረጥ አለመንገሬን፣ ያለ መስመር የሚከፈት ገጽ እያሳየሁ «ከተከፈተ ተገናኝተሻል» ማለቴን። ደብዳቤው ሳይወጣ መቆየቱን አይቼም መደበቄን። የጅማዎቹ ሰዎችም ወሬያቸውን ትተው አዳመጡኝ።

«ይህን መቼ ነው ያወቅከው?» አሉኝ ሐጂ።

«የጠራችኝ ዕለት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «መልሱ ከመጣ አሥር ቀን ነው። አሥር ቀን ሙሉ ልጄን አላናገርኳትም። ሰላምታዋን እንኳ አልመለስኩም።»

ተነስተው ደረጃው ሥር ቆሙና ጠሯት። ሰሚራ ከላይ ወረደች፤ እኔን ስታይ ደረጃው ላይ ቆመች። ሐጂ በተሸካሚዎቹ፣ በሠራተኞቻቸውና በገበያተኞቻቸው ፊት፣ ቀና ብለው አዩዋት።

«ሰሚራ፣ ልጄ፣ አፉ በይኝ። በድዬሻለሁ» አሏት።

የስልሳ ዓመት አባት ልጁን በገበያ መካከል ይቅርታ ሲጠይቅ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም አላየሁም። ሰሚራ ሻርፗን ፊቷ ላይ አድርጋ «አፉ ብያለሁ አባዬ» አለችና አለቀሰች። እኔም እንባዬን መያዝ አልቻልኩም፤ ሰበብ ፍለጋ የጫማዬን ክር እንደማስተካክል አጎነበስኩ።

«አንተን ደግሞ» አሉኝ ሐጂ ቆይተው፣ «ልሰድብህ ነበር፤ ራስህ መጥተህ ስለተናገርክ ትቼዋለሁ። ልጄ ኢንሻአላህ አንድ ቦታ እስክትገባ ድረስ ግን ይሄ ኮምፒውተር የአንተ ነው።»

«የእኔ ነው» አልኩ።

ለእትዬ አልማዝም ነገርኳቸው። ግማሽ ቀን ጮኹ፤ ሰፈሩ ሰማ። አላባረሩኝም። «ሥራው ተጠናቋል» ከሚለው ቅጽ ላይ ግን አንድ መስመር አስጨመርኩ፤ ከቤቱ ደብዳቤ ተልኮ መልስ መምጣቱን ባለቤቱ ራሱ አይቶ የሚፈርምበት። ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ቤት ሁሉ ያን መስመር ሳላስፈርም የወጣሁበት ቀን የለም። ባለቤቶቹ ሲቸኩሉ እኔ አልቸኩልም። «ገብቷል እኮ፣ ይኸው ይታያል!» ሲሉኝ «የሚታየው የቆየ ሊሆን ይችላል፤ መልስ እንጠብቅ» እላለሁ። ብዙዎቹ አሰልቺ ሰው ነው ብለውኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ለሰሚራ ቤት ሁለተኛ የስልክ መስመር ጠየቅን፤ ተራ ጠብቁ ተባልን። ስለዚህ ያሳሳተኝን ሰዓት ራሱን ለሥራ አዋልነው። በየሳምንቱ ዓርብ ሱቁ ለጁምዓ ሲዘጋ እኔ እመጣለሁ፤ መስመሩ ለሰሚራ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት አብነት ወዳለው ሱቃችን «ዛሬ ምሳ ምን ነበር?» ብላ ትጽፋለች። ጋሼ ደምሴ እዚያ የሚጽፍላቸው ሰው አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቋታል። «ተጋቢኖ፤ ጨው በዝቶበታል» የሚል መልስ ሲመጣ መገናኘታችንን አውቀን ዋናውን ደብዳቤ እንልካለን። በዚህ ዓይነት ለዚያው ኮሌጅ ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለከተች። የእያንዳንዱ ደብዳቤ መድረሻ በደብተሯ ተመዝግቧል። በዚያ ዓመት የቀረሁት ሁለት ዓርብ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ታምሜ።

መልሱ ይመጣል የተባለበት ዓርብ መብራት ጠፋ። ቅዳሜ ገበያው ሳይሞላ ብዬ በማለዳ ሄድኩ። ሐጂ ሱቁን እየከፈቱ ነበር። ሰሚራ ሞደሙን አስገባች፣ ከአብነት መልስ ተቀበለች፣ የኮሌጁን ደብዳቤ አወረደች። ታች ስልኩ ተነሳና መስመሩ ተቆረጠ፤ ደብዳቤው ግን ገብቶ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እምቢ ብለዋል» አለች።

«ሰሚራ፣ አምና እኔ ባላበላሸው ኖሮ…»

«ይተዉት ጋሼ። አምና «እመጣለሁ» ያልኩትን በጊዜው ያነበበ ሰው የለም። ዘንድሮ አንብበውኝ ነው እምቢ ያሉት። ይሄ ይቀለኛል።»

እኔን አልቀለለኝም። እሷ ግን ደብተሯን ገልጣ ሌላ ኮሌጅ አሳየችኝ። በኋላ የተቀበላት፣ ተምራ የተመለሰችበት ያ ነው። ያን ጠዋት ግን የምናውቀው ማመልከቻው በዚያው ቀን እንደሚዘጋ ብቻ ነበር። ኢንተርኔት ካፌ እንዳንሄድ፣ የትናንቱ የመብራት መጥፋት ዕቃ ያበላሸባቸው ብዙዎቹ ገና አልከፈቱም። ዲፕሎማዋና የምስክር ወረቀቶቿ ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ፤ በዚያ መስመር እነርሱን ለመላክ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ታች ስልኩ በየአምስት ደቂቃው ይነሳል፤ አትንኩ ቢባል እንኳ በዚያ ግርግር አንዱ ማንሳቱ አይቀርም፣ የታቹን ሽቦ ብንነቅል ደግሞ የላዩም አብሮ ይቋረጣል።

ሐጂ ደረጃውን ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን አሉ?»

«እምቢ አሉ አባዬ። ሌላ አለ፤ እሱ ደግሞ ዛሬ ይዘጋል። ሦስት ሰዓት መስመር ያስፈልገኛል።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው ሐጂ። ስልኩ አንዴ ከተነሳ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያ ነው።»

ደረጃውን ተመልሰው ወረዱ። ክረምቱ ሊገባ ያለበት ሰሞን፣ ሰው ብርድ ልብስ የሚሻማበት ቅዳሜ ነው። ከታች ድምፃቸው ይሰማል፤ ገበያተኞቹን እየለመኑ ያስወጣሉ፣ አንዱ ያጉረመርማል፣ ሌላው ከሩቅ መምጣቱን ይናገራል። ከዚያ የላሜራው በር ተጎትቶ ሲዘጋ ፎቁ ነቀነቀን። ሰሚራ ሞደሙን አስገባች። ከአብነት መልስ መጣ። መላክ ጀመረች።

በመርካቶ የሐጂን የመሰለ ሱቅ ቅዳሜ በገበያ ሰዓት የሚዘጋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ጥቂት ሳይቆይ ጎረቤት ነጋዴዎች ሥራቸውን እየተዉ መምጣት ጀመሩ። በመስኮት ዝቅ ብዬ አየሁ። ሐጂ ከተዘጋው በር ፊት ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰዎቹ ደንግጠው ከበዋቸዋል።

«ሐጂ፣ ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። «ልጄ ደብዳቤ እየላከች ነው።»